ሃያ ሦስተኛው ጾም

አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። የምጠይቀውም ንግግር ለማሳመር አይደለም፤ ይህን ጉዳይ ማውራት ስለማይገባኝ ነው። ግማሹ ምሥጢር የሌላ ሰው ነው። ሌላው ግማሽ ደግሞ ሙሉ የምትባለው ባለቤቴ ብትሰማው ቤት የማታሳድረኝ ነው። ለንስሐ አባቴ እንዳልናገር ንስሐ አባቴ የሙሉ አጎት ናቸው፤ ለአንዳቸው የተነገረ ለሁለቱም የተነገረ ነው። ስለዚህ ያለ እናንተ ሰው አጣሁ። እናንተ ቢያንስ ስግደት አታዙብኝም።

ጨዋታው ስለ ጾም ነው፤ ስለ ጾም ከሆነ ደግሞ እኔን ጠይቁኝ። እዚህ አሜሪካ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ከእኔ የበለጠ የጾም ሊቅ አለ ከተባለ ወይ ቄስ ነው፣ ወይ ውሸት ነው። በብስኩት ጀርባ ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ ሳነብ ሃያ ሁለት ዓመት ሞላኝ፤ የዓይኔን ብርሃን የጨረስኩት እዚያ ላይ ነው። እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ ሰዎች የቡና ክሪመር ጠርሙስ በስልካቸው ፎቶ አንስተው ያመጡና “ጋሼ፣ ይኼ የጾም ነው የፍስክ?” ይሉኛል። መነጽሬን ግንባሬ ላይ ሰቅዬ፣ ስልኩን አስጠግቼ አርቄ፣ የወተት ዘር ያለበትን ቃል ከስምንተኛው መስመር ለቅሜ አወጣና እፈርዳለሁ። ልብ በሉ፤ ጠርሙሱ የጾም መሆኑን እንጂ ጠጪው ጾመኛ መሆኑን የጠየቀኝ ሰው የለም። እኔም ራሴን ጠይቄ አላውቅም።

ብጠየቅማ ጉድ ነበር። አባቶቻችን እህል ሳይቀምሱ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይቆያሉ። እኔም እቆያለሁ፤ የምቆየው ግን በአዲስ አበባ ሰዓት ነው። አዲስ አበባ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን እዚህ ገና ጠዋት ነው፤ እኔም አገሬን ስለምወድ በአገሬ ሰዓት እጾማለሁ። ቁርሴ አንድም ቀን አልፎኝ አያውቅም።

የምሠራው አሌክሳንድሪያ ነው። ቤልትዌይ የሚባለውን የቀለበት መንገድ ግማሹን ዞሬ፣ ድልድዩን ተሻግሬ፣ አንድ ባለ አሥራ ስድስት ፎቅ የመኖሪያ ሕንፃ መግቢያ ላይ ፍሮንት ዴስክ ከሚሉት ረጅም ባንኮኒ ኋላ እቀመጣለሁ። ፓኬጅ እቀበላለሁ፣ ቁልፍ ለጠፋበት ቁልፍ እሰጣለሁ፣ ለሚወጣው መልካም ቀን እመኛለሁ። ሥራው ባጭሩ መቀመጥ ነው። ይህችን ቃል ያዙልኝ።

ስምንተኛ ፎቅ ላይ ሚስስ ሻርዳ የሚባሉ የሰባ ሦስት ዓመት ሴት ይኖራሉ። ሂንዱ ናቸው፤ የሕንድ ጉጃራት ሰው፣ ጡረታ የወጡ ፋርማሲስት፣ ባላቸው የሞቱባቸው። በእንግሊዝኛ አንቱታ ስለሌለ ፊት ለፊት እንደ እኩያ ነው የምንነጋገረው፤ በልቤ ግን ሁልጊዜ አንቱ ናቸው። እሳቸው እኔን “ቤታ” ይሉኛል። ልጄ ማለት ነው። ፖስታ የሚመጣው ከቀትር በኋላ መሆኑን እያወቁ በየጠዋቱ የፖስታ ሣጥናቸውን ሊያዩ ይወርዳሉ፤ ባዶውን አይተው ይዘጉትና ከባንኮኒዬ አጠገብ ካለችው ወንበር ላይ አረፍ ይላሉ።

አንዳንድ ቀን በእጃቸው ፔርሙዝ ይዘው ይወርዱ ነበር። አንድ ጊዜ ምን እንደያዙ ጠየቅኳቸው።

“ወተት ነው። ዛሬ ጾመኛ ነኝ” አሉኝ።

እኔ ሊቁ ከወንበሬ ልወድቅ ምንም አልቀረኝ። “ወተት ይዘው ነው የሚጾሙት?”

“ወተት ይቻላል፤ ፍራፍሬም፣ ድንችም ይቻላል። እህልና ጥራጥሬ ነው የማይቻለው።”

“ዳቦስ?”

“አይሆንም።”

“ምስርስ?”

“ምስርማ በጭራሽ!”

በሆዴ ምን ያህል እንደሳቅሁ አትጠይቁኝ። እኛ የምንሸሸውን ይጠጣሉ፤ እኛ ሁለት ወር ሙሉ የምንኖርበትን ምስር ይሸሻሉ። ይህ ጾም ሳይሆን የተገለበጠ ካፖርት ነው ብዬ ደመደምኩ። እሳቸው ግን ተማሪ ያገኙ መስሏቸው በትዕግሥት አስረዱኝ። ቀኑ ኤካደሺ ይባላል፤ ጨረቃ መሙላት ከጀመረች በአሥራ አንደኛው ቀን፣ መጉደል ከጀመረችም በአሥራ አንደኛው ቀን ይውላል፤ በወር ሁለት ጊዜ መሆኑ ነው። እናታቸው እንደነገሯቸው በዚያ ቀን የዓለም ኃጢአት ሁሉ መሸሸጊያ ሲያጣ እህል ውስጥ ገብቶ ይደበቃል።

“ወተት ውስጥ አይደበቅም?” አልኳቸው፣ ያሸነፍኩ መስሎኝ።

“ወተት ውስጥ ምን መደበቂያ አለ፣ ቤታ? ነጭ እኮ ነው፤ ይታያል።”

ሌላ ቀን ደግሞ ጾም በጥንቱ ቋንቋቸው ምን ማለት እንደሆነ ነገሩኝ። አለመብላት አይደለም አሉ፤ አጠገብ መቀመጥ ማለት ነው። ሰው ምድጃውንና ምሳውን ትቶ ከአምላኩ አጠገብ ቁጭ የሚልበት ቀን። እኔም መቀመጥ ከሆነማ ደመወዝ የሚከፈለኝ ለዚሁ ነው ብዬ ቀለድኩ። ለምን እንደሚጾሙ፣ ምን ፈልገው እንደሚቀመጡ ግን አልጠየቅኋቸውም። ሊቅ አይጠይቅም።

ያ ነገር የሆነው ባለፈው ዓመት በሁዳዴ ነው። ሙሉ ምስር ወጧን በእንጀራ ጠቅልላ በምሳ ዕቃ ቋጥራልኛለች። ሙሉ ምስር ስትሠራ መልአክ ቢያልፍ ቆም የሚል ይመስለኛል። ክዳኑን ስከፍት ሚስስ ሻርዳ ከአሳንሰሩ ወጡ፤ ፊታቸው ጠውልጓል፣ ፔርሙዛቸውን ባንኮኒው ላይ አስቀመጡ።

“ምነው ሚስስ ሻርዳ፣ አሞዎታል እንዴ?”

“ምንም አይደል፣ ቤታ። አሥራ አንደኛው ቀን ነው። ዛሬ ወተቱም አልወርድ አለኝ።”

አሳዘኑኝ። ይህን እውነቴን ነው የምለው፤ ክፋት አልነበረበትም። “እንግዲያው የእኛን ጾም ይያዙልኝ” አልኩ፣ ምሳ ዕቃዬን ወደሳቸው እየገፋሁ። “ሥጋ የለው፣ ቅቤ የለው፣ ወተት የለው! በዓለም ላይ ከዚህ የጸዳ የጾም ምግብ የለም።”

“ምስር ነው አይደል?”

“ምስር ነው! የጾም ምስር!”

“አመሰግናለሁ። ነገ ጠዋት ጾሜን ስፈታ እበላዋለሁ።”

“ነገማ ጣዕሙ ይጠፋል!”

እዚህ ላይ አንድ ጊዜ አቁሙኝ። እኛ ሰው እንዲበላልን ስንፈልግ ምን እንደምናደርግ ታውቃላችሁ፤ እንሞታለን። እኔ ልሙት፣ አፈር ስሆን፣ እኔን ይድፋኝ፣ በሞቴ። እንግዳ ሆዱ ሞልቶ እጁን ሊታጠብ ሲነሣ አንዱ ከወዲያ ይሞትበታል፣ አንዷ ከወዲህ። በር ላይ እንኳ ለመግባት “ቅደም፣ በሞቴ!” ነው። ስካይላይን የሚባለው ሰፈር አንድ ክርስትና ላይ ከበሩ እስከ ወንበሬ ድረስ ብቻ ዘጠኝ ሰው ሞቶልኛል፤ ዘጠኙም ድግሱን ጨርሰው፣ የቀረውን በፎይል ጠቅልለው፣ በየመኪናቸው ሄዱ። በዚህ ሁሉ ሞት ማንም ተቀብሮ አያውቅም። ስለዚህ እኔም ሞትኩ።

እንጀራውን በምስሩ ደህና አድርጌ ጠቀለልኩና እጄን ዘረጋሁ። “በሞቴ!” አልኩ። ቃሉ አልገባቸው እንደሆን ብዬ በእንግሊዝኛ ተረጎምኩላቸው። “ይህችን ካልጎረሱልኝ እኔ ልሙት!”

ፊታቸው ተለወጠ። “እንዲህ አትበል።”

“ብያለሁ!”

“መልሰው። ቃልህን መልሰው፣ ቤታ።”

“አልመልስም! ካልጎረሱ አሁኑኑ ልሙት!”

ጉርሻዬን ሳይሆን እኔን አዩኝ። ከዚያ ዓይናቸውን ጨፍነው አፋቸውን ከፈቱ። መራራ ኪኒን እንደሚውጥ ሰው ዋጡት። ዓይናቸውን ሲገልጡ መጀመሪያ የጠየቁኝ ስለ ጣዕሙ አልነበረም።

“አሁን አትሞትም?”

“መቶ ዓመት እኖራለሁ!” ብዬ በሳቅ ፈነዳሁ፤ ፓኬጅ ያመጣው ሰውዬ ሳይቀር ዞሮ አየኝ። እሳቸው አልሳቁም። ፔርሙዛቸውን ባንኮኒው ላይ ረስተው ወጡ።

ሦስት ቀን አልወረዱም። በአራተኛው ቀን ወርደው የፖስታ ሣጥኑን ሳያዩ በቀጥታ ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ፤ ያን ጊዜ ነው ያልጠየቅሁትን የነገሩኝ። ባላቸው የሞቱት ከአራት ዓመት በፊት ነው። አንድ ልጃቸው ሥራ ይዞት አስከሬኑ በእምነታቸው ወግ ከተቃጠለ በኋላ ደረሰ። እሳቸውም በንዴት፣ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት፣ “አንተም ለእኔ ሞተሃል” አሉት።

“ከአፌ ነው እንጂ ከልቤ አልነበረም” አሉኝ። “እሱ ግን ቃሌን አከበረ። እስከ ዛሬ እንደ ሞተ ሰው ዝም አለ።”

ከዚያ ተሳሉ። አንድ ዓመት ሙሉ፣ ሃያ አራቱንም ኤካደሺ አንድ ሳያጎድሉ ሊጾሙ፤ ልጃቸው እንዲደውልላቸው። አንዷ ከጎደለች ስለቱ ከአንድ እንደገና ይጀመራል፤ የቤተሰባቸው ልማድ ይህ ነው።

“የኔ ምስር ስንተኛው ላይ ነበር?” አልኩ። 

“ሃያ ሦስተኛው ላይ።”

“ታዲያ ለምን በሉ! እምቢ አይሉኝም?”

“ሞትን በአፌ ጠርቼ ልጄን አጣሁ፣ ቤታ። አንተም በአፍህ ስትጠራው ቁጭ ብዬ ልይ?”

‘ሚስስ ሻርዳ፣ በሞቴ ማለት እኮ እኛ ዘንድ እስቲ ቅመሱልኝ ማለት ነው፤ ሞት የለበትም’ ልላቸው አፌን ከፈትኩ። መልሼ ዘጋሁት። ልጇን ልታገኝበት የነበረውን ዓመት የከፈለችበትን ጉርሻ ቀልድ ነበር ተብሎ ለአንዲት እናት ይነገራል? እሳቸው የሰው ሕይወት ያተረፉ መስሏቸዋል። መስሏቸው ይቅር አልኩ።

ከአንድ ጀመሩ። በአምስተኛው ጾም ማግስት አሳንሰሩ ውስጥ ራሳቸውን ስተው ወደቁ፤ ሐኪማቸው ስኳራቸውን አይቶ ከእንግዲህ ጾም የሚባል ነገር እንዳልሰማ አላቸው። አሥራ ዘጠኝ ቀርቷቸዋል። ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ጣታቸውን ሲቆጥሩ አየሁና የሐበሻ መፍትሔ መጣልኝ። እኛ መቼም ከዚህ ሆነን በውክልና የማናደርገው የለም፤ ቤት እንሸጣለን፣ እንካሰሳለን፣ እንፋታለን።

“ውክልና ይስጡኝ። የቀረውን እኔ ልጹምልዎ።”

ከዚያ ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ። ሳቃቸውን ሲጨርሱ ግን አሰቡበት። “ይቻላል። ባል፣ ልጅ ወይም ወንድም ከሆነ ይቻላል።”

“ታዲያ ሁለት ዓመት ቤታ ሲሉኝ ኖረው! ልጅዎ ነኝ ማለት ነው።”

 “የልጅ ቦታ ሰው አለበት” አሉ።

“ወንድምስ?”

“ወንድም አልነበረኝም።” ራሰ በራዬን አተኩረው አዩት። “ስንት ዓመትህ ነው?”

“ሃምሳ ስምንት።”

“ታናሼ ትሆናለህ።” ከዚያች ቀን በኋላ ቤታ ብለውኝ አያውቁም።

እንግዲህ እዩኝ። ረቡዕና ዓርብ ወተት የማይጠጣው ሰውዬ በአሥራ አንደኛው ቀን እንጀራ አይበላም። ሁለቱ ሲገጣጠሙ ሁለት ዜግነት እንዳለው ሰው በሁለቱም ሕግ ተያዝኩ፤ በራሴ ጾም ወተቱ ቀረ፣ በሳቸው ጾም እህሉ ቀረ፣ የተረፈኝ ሙዝና ቅቅል ድንች ነው። በአዲስ አበባ ሰዓት መቁጠርም ቀረ፤ የሰው አደራ በሌላ አገር ሰዓት አይቆጠርም መሰለኝ። እሳቸው አጠገቤ ይቀመጣሉ፣ እኔ አጠገባቸው እቀመጣለሁ፣ ብዙም አንነጋገርም። በስድስት ሰዓት ገደማ ሆዴ ሲጮህ “ሰማሁት” ይሉኛል። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የጾምኩት ያኔ ይመስለኛል። ይህን ለክሪመር ጠያቂዎቼ አልነገርኳቸውም።

ለሙሉም አልነገርኳትም፤ የሂንዱ ጾም መያዜ በአጎቷ በኩል መቅደስ ሳይደርስ አያድርም። ሙሉ ግን ዓይን አላት። በየሁለት ሳምንቱ አንድ ቀን እንጀራዋን እንደማልነካ አወቀች።

“የት በልተህ ነው የምትመጣው?”

“አልራበኝም።”

“ድንች ድንች ትሸታለህ። ማናት ድንች የምትቀቅልልህ?”

ባሏን በድንች የነጠቀቻት ሴት አለች ብላ የተጠራጠረች ሚስት በዓለም ላይ ሙሉ ብቻ ሳትሆን አትቀርም። እንዲህ ስንባባል ሃያ አራተኛው፣ የመጨረሻው፣ ዘንድሮ ሁዳዴ ውስጥ ዋለ። ከሥራ ስገባ ሙሉ የሱፍ ፍትፍት ሠርታ፣ ቆማ ትጠብቀኛለች። ጠቀለለችና እጇን ዘረጋች።

“ዛሬ አትሸውደኝም። በሞቴ!”

“ሙሉዬ፣ ቆይ…”

“በሞቴ አልኩ እኮ! እምቢ ካልክ ልሙትልህና የድንቿን አግባት!”

ሙሉ እንደማትሞት አውቃለሁ። በሠላሳ ዓመት ትዳራችን ስንቴ ሞታ ስንቴ ዕቃ አጥባለች። ግን ሚስስ ሻርዳ ያን ቀን ካዩኝ ወዲህ ያ ቃል ሲጠራ ጠሪው ሬሳ ሆኖ ይታየኛል፤ ምን ላድርግ። በአንድ እጅ የአንዲት እናት ልጅ፣ በሌላ እጅ የሚስቴ ነፍስ። ጎረስኩ። ፈገግ አልኩላት። ጉንጬን እንደሞላሁ መታጠቢያ ቤት ገባሁ፣ ውኃውን ከፈትኩ፣ ተፋሁት፣ አፌን ሦስት ጊዜ ተጉመጠመጥኩ። መስታወቱ ፊት ቆሜም ፈረድኩ፤ ጎርሻለሁና ሙሉ አትሞትም፣ አልዋጥኩምና ጾሙ አልተገደፈም። ክሪመሩን ስንት ዓመት እንደዚሁ ነው የፈረድኩት።

በማግስቱ ሚስስ ሻርዳን “ተፈጸመ፣ እህቴ” አልኳቸው። ስምንተኛ ፎቅ ወስደው ከማሰሮው የወጣ ትኩስ ሩዝ በእጃቸው አጎረሱኝ። መሐላ የለ፣ ሞት የለ። “ብላ” አሉኝ፤ በቃ። ሰውን “ብላ” ብሎ ብቻ ማብላት እንደሚቻል ያን ቀን አየሁ። እኔ ግን ማታ የተፋሁት ጉርሻ ትዝ አለኝ።

ጠበቅን። ፋሲካ መጣ፣ አለፈ። ስልኩ አልጮኸም። አንድ ቀን አላስችል አለኝና የሕንፃውን ደንብ ጥሼ ከፋይላቸው የልጁን ቁጥር አውጥቼ ደወልኩ። ማሽኑ አነሣ፤ ረጋ ያለ ድምፅ አሁን ማንሳት እንደማይችል፣ መልእክት ብተው እንደሚደውል ነገረኝ። መልእክቱን ተውኩ። አልደወለም። ጥፋቴን ለሚስስ ሻርዳ ስናዘዝ አልተቆጡም።

“‘እደውላለሁ’ ይላል አይደል?” አሉ። “በየእሑዱ እየደወልኩ እሰማዋለሁ። ‘እደውላለሁ’ ሲል ልክ እንደ አባቱ ነው።” ከዚያ ክንዴን መታ መታ አደረጉኝ። “አትዘን። ጾሙ ተሟልቷል፤ የቀረው የአምላክ ድርሻ ነው።”

ተሟልቷል! አለመሟላቱን የምናውቀው እኔና የመታጠቢያ ቤታችን ቧንቧ ነን። ምናልባት ልጁ በራሱ ቂም ነው የማይደውለው፤ ምናልባት ከእኔ ጉንጭ ጋር ምንም ጉዳይ የለውም። ሊቅ ብሆን እንዲህ ብዬ እፈርድ ነበር። አሁን ግን ሊቅነቴን ትቻለሁ። እሑድ ፎቶ ይዘው ሲመጡ መነጽሬን ቤት ረሳሁት እላቸዋለሁ።

ከአንድ ጀምሬያለሁ። ያለ ማንም ውክልና፣ ሚስስ ሻርዳም ሳያውቁ። ትናንት አምስተኛዬ ነበር፤ አጠገቤ ተቀምጠው ሆዴ ሲጮህ ሰሙትና “ዛሬ ደግሞ ምን ሆነህ ነው?” አሉኝ። ቁርስ አለፈኝ አልኳቸው። አዩኝና እስከ ስድስት ሰዓት አብረውኝ ቁጭ አሉ።

አሥራ ዘጠኝ ይቀረኛል። ስለዚህ እባካችሁ፣ ይህን ለሙሉ አትንገሩብኝ፤ ለአጎቷም አትንገሩ፤ ከሁሉ በላይ ለሚስስ ሻርዳ። ያን ቃል ከዚያች ምሳ ወዲህ ከአፌ አውጥቼው አላውቅም፤ ዛሬ የማወጣው ክብደቱን አውቄ ነው። ለማንም እንዳትናገሩ፣ በሞቴ።